ጣት ስህተትንም ያጠናል

መገናኛ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ። ከቢሮ የወጣው፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቀው፣ ከሾላ ገበያ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ የመጣው ሁሉ እዚህ ይጋጠማል። የታክሲው ሰልፍ ተጠማዞ ተጠማዞ መጨረሻው አይታይም። «ላምበረት! ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው!» ይላል አንዱ ረዳት። «ገርጂ! ገርጂ!» ይቀበለዋል ሌላው። ከመንገዱ ዳር ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በጥርስ ክሊኒክና በሂሳብ አዋቂ ቢሮ መካከል ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ አንዲት ወጣት ቤትሆቨንን ትጫወታለች።

«ፉር ኤሊዝ» ነው። ዜማውን የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ የሞባይል ጥሪ፣ የመኪና የኋላ ማርሽ ድምፅ፣ የልጆች መጫወቻ ሆኖ ሁሉም ጆሮ ገብቷል። ልጅቷ ባንክ ነው የምትሠራው፤ የሥራ ቦታ ባጇ ገና ከአንገቷ አልወረደም። አጀማመሯ ያምራል። ጣቶቿ ልስልስ ብለው ይሄዳሉ፣ ፔዳሉን በልኩ ትረግጣለች። ከዚያ «ሚ» የተባለችው ኖታ ከታች ተነስታ፣ ከግራ እጅ ወደ ቀኝ እጅ እየተቀባበሏት ወደ ላይ የምትወጣበት ቦታ ይደርሳል። ይኼኔ ትደናቀፋለች። «ውይ!» ትልና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እንደገና ያምራል። እንደገና እዚያው ቦታ፣ «ውይ!»

ተማሪዎቻቸው «ጋሼ» የሚሏቸው አስተማሪ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው። እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው መስኮቱ አጠገብ ቆመው ያዳምጣሉ፤ ሦስት ጊዜ እስክትወድቅ አልተናገሩም።

«በዚህ ሳምንት ስንት ሰዓት ተለማመድሽ?»

«በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት፣ ጋሼ። እሁድ እንዲያውም ሦስት ሰዓት ተቀምጫለሁ።»

«መጀመሪያውን ነዋ የተለማመድሽው! እሱን ድሮም ትችይዋለሽ። ይቺን መሰናከያሽን ደግሞ አብረሽ አጠናሻት። በጣም ጎበዝ ሆነሽባታል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቦታዋን አልሳትሽም።»

ልጅቷ ሳቀች። እሳቸው ግን እርሳሱን አውርደው ኖታው ላይ ሁለት ጭረት ጫሩ። በጭረቶቹ መካከል ያሉት ከአሥር የማይበልጡ ኖታዎች ናቸው። «ከዚህ እስከዚህ ብቻ። ቀኝሽን ተይው። ግራ እጅሽ አሁን የት ነው ያለው?» ግራ እጇ ታችኛው ሚ ላይ እንደተተከለ ነው። ወደ ላይ ዘሎ መጠበቅ ሲገባው፣ ዐይኗ ቀኝ እጇ ላይ ስለሆነ ረስታዋለች። ስህተቱ የሚሰማው ቀኝ እጅ ላይ ነው፤ የሚወለደው ግን ቀደም ብሎ፣ ድምፅ በማያወጣው በግራ እጅ ጉዞ ላይ ነው።

ከዚያ ያደረጉት ነገር ለተመልካች አሰልቺ ነው። ግራ እጇን ያለ ድምፅ አዘለሏት፤ ቁልፉን ሳትጫን ነክታው ብቻ ትመለሳለች። ደግማ፣ ደጋግማ። ቀጥሎ በድምፅ፣ ግን በጣም ቀስ ብላ። ቀጥሎ ከፊቱ አንድ ኖታ፣ ከኋላው አንድ ኖታ ተጨመረ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያ ቦታ አለፈ። ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያላሸነፈችውን ነው።

ይህ የመገናኛው አስተማሪ የግል ፈሊጥ ብቻ አይደለም። ሮበርት ዱክ የተባሉ የሙዚቃ ትምህርት ተመራማሪና ሁለት ባልደረቦቻቸው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ 17 ፒያኖ ተጫዋቾችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት አለ። ለተጫዋቾቹ ከሾስታኮቪች የመጀመሪያው የፒያኖ ኮንቸርቶ ሦስት ባር ያህል ቆርጠው ሰጧቸው። «እስኪበቃችሁ ድረስ ተለማመዱ» አሏቸው፤ የጊዜ ገደብ አልነበረም። በማግሥቱ መጥተው እንዲጫወቱት ተደረገና በጥራት ተመዘኑ። አንዳንዱ ብዙ ደቂቃ ተቀምጧል፣ አንዳንዱ ቶሎ ተነስቷል፤ አንዳንዱ ብዙ ጊዜ ደጋግሟል፣ አንዳንዱ ጥቂት። የማግሥቱን ውጤት ግን የተቀመጡበት ደቂቃም የደጋገሙት ብዛትም አልወሰኑትም። የወሰነው ከደጋገሙት ውስጥ ስንቱ የተሳሳተ ነበር የሚለው ነው። ከላይ የወጡትም መጀመሪያ ላይ ተሳስተዋል። ልዩነታቸው ስህተቱን ሲሰሙ እዚያው መቆማቸው፣ ቦታውን ለይተው ማውጣታቸው፣ ፍጥነቱን ቀንሰው እስኪረጋ መያዛቸውና ስህተቷ ዳግም እንዳትመለስ ማድረጋቸው ነው።

ምክንያቱን ለማስረዳት ብዙ ሳይንስ አያስፈልግም። ጣት ትክክሉንና ስህተቱን መለየት አያውቅም፤ የሰጡትን ይይዛል። አምስት ጊዜ ተሳስቶ በስድስተኛው ያገኘው ተማሪ «እሺ፣ ተሳካ!» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጣቱ ግን አምስት ለአንድ ቆጥሯል።

ሰዓት መቁጠሩ ታዲያ ከየት መጣ? አንደኛው ምክንያት ለወላጅ ስለሚመች ነው። ከወጥ ቤት ሆኖ ይሰማል፤ ድምፁ ከቆመ «ምነው ቆምክ?» ይባላል። የጥሩ ልምምድ ግማሹ ደግሞ ዝምታ ነው፦ ኖታውን ማየት፣ ጣት መምረጥ፣ ማሰብ። ወላጅ ጆሮ ላይ ይህ ስንፍና ይመስላል። ሌላው ምክንያት ከሩቅ የመጣው «የአሥር ሺህ ሰዓት» ወሬ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት በበርሊን የሙዚቃ አካዳሚ ምርጥ የተባሉት ቫዮሊን ተማሪዎች 20 ዓመት እስኪሞላቸው በአማካይ ከ10,000 ሰዓት በላይ ለብቻቸው ተለማምደው አገኟቸው። ደራሲው ማልኮም ግላድዌል እ.ኤ.አ. በ2008 በመጽሐፉ አነሳውና ቁጥሩ በዓለም ዞረ። ኤሪክሰን ራሱ ኋላ ላይ «እንደዚያ አላልኩም» ብሎ ጽፏል፤ እሱ ያጠናው አንድን ድክመት ነጥሎ፣ በሙሉ ትኩረት የሚሠራ ልምምድን ነበር። እነዚያው ምርጦች ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ የሚተኙ፣ ከሰዓት በኋላም ሸለብ የሚያደርጉ መሆናቸውን ግን የሚያወራው የለም።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ትልቁ ምሳሌ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው፣ በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው፣ በኋላም ካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሲማሩ ቫዮሊንና ፒያኖ በቀን እስከ 9 ሰዓት ይለማመዱ እንደነበር ይነገራል። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ። ታሪካቸው ያስደንቃል፤ ከሥራ ወጥቶ ሰልፍ ይዞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አያት ኮንዶሚኒየም ለሚገባ ሰው ግን መለኪያ ሊሆነው አይችልም። ዘጠኝ ሰዓት የሚለውን ቁጥር ሰምቶ ተስፋ የቆረጠ ተማሪ ብዙ ነው። የቅዱስ ያሬድም ትል አለች፤ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉ ላይ ወጣች እየተባለ ለሰነፍ ሁሉ ትነገራለች። ሰባቱንም ጊዜ በአንድ መንገድ ወጥታ እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም።

እንዲያውም ስለ ልምምድ አሠራር ከቤተ ክህነት የምንማረው ሌላ ነገር አለ። ንባብ ቤት የገባ ልጅ መጀመሪያ በቁጥር ያነባል፦ እያንዳንዷን ፊደል በስንጥር እየነካ፣ ነጥሎ እየጠራ። ከዚያ ግዕዝ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ መጨረሻ ላይ ነው ቁም ንባብ። ያው ጽሑፍ በየደረጃው ይመላለሳል፤ የኔታ ሳይረኩ ወደሚቀጥለው መሻገር የለም። ቀስ ብሎ ማንበብ እዚያ የደካማ ተማሪ ቅጣት ሳይሆን ሁሉም የሚያልፍበት ደረጃ ነው። ፒያኖ ተማሪ ግን «ቀስ በል» ሲባል እንደ ተዋረደ ይቆጥረዋል። ፍጥነት የሚቆጥረው ሜትሮኖም እኮ ዮሐን ሜልዝል ፓተንት ካወጣበት እ.ኤ.አ. ከ1815 ጀምሮ አለ፤ ዛሬ በነጻ ስልክ ላይ ይጫናል። ዘፈኑ በደቂቃ 120 ምት ላይ የሚሄድ ከሆነ 60 ላይ ጀምሮ፣ ያለ ስህተት ሲያልፍ ብቻ አራት አራት እየጨመሩ መውጣት ነው። ስድሳም ካስቸገረ ሃምሳ። የሚያፍር ካለ በኢርፎን ይስማው።

በሌላ በኩል ከውጭ የመጡት የልምምድ መጻሕፍት ሁሉ እንዳሉ ለእኛ አይበቁም። ሐኖን እ.ኤ.አ. በ1873 ያወጣው የ60 መልመጃ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒው በየሙዚቃ ክፍሉ ተደራርቦ ይገኛል። ጣት ያጠነክራል፤ ጥሩ ነው። የተሠራው ግን ሰባት ኖታ ላለው ስኬል ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብሎ ከወጣ በኋላ አውራ ጣት ከመሃል ጣት ሥር ሾልካ ከጎን ያለችው ፋ ላይ ታርፋለች፤ ቅርብ ናት። የእኛ ትዝታ ግን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ያቺው አውራ ጣት ፋን ዘልላ ሶል ድረስ መዘርጋት አለባት። አምባሰል ይብሳል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አውራ ጣት በአንድ ስኬል ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰፊ ዝላይ አለባት፤ አንዴ ከሬ ፍላት ወደ ፋ፣ አንዴ ከላ ፍላት ወደ ላይኛው ዶ። ሐኖንን ለዓመት የጨረሰ ተማሪ አምባሰል ሲነካ የሚንገጫገጨው ለዚህ ነው። የለመደችው አውራ ጣት ከጎን ያለችውን ቁልፍ ፍለጋ ትሄዳለች።

የመገናኛው አስተማሪ መፍትሔ ቀላል ነው። ተማሪው የሚጫወተው ዜማ በአንቺሆዬ ቅኝት ከሆነ፣ የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ የአንቺሆዬ ዝላይ ብቻ ይሆናል፤ የጣት ቁጥሩ ኖታው ላይ በእርሳስ ተጽፎ፣ በየቀኑ ያው ቁጥር። ዛሬ በሁለተኛ፣ ነገ በሦስተኛ ጣት የሚመታ ቁልፍ ለጣት ሁለት የተለያየ ትምህርት ነው። ብዙ ሰው «ረሳሁት» የሚለው ነገር ከመጀመሪያው አንድ መልክ ያልያዘ ነው።

መብራት የሄደ ዕለት ደግሞ ሌላ ጨዋታ አላቸው። ዲጂታሎቹ ኪቦርዶች ይሞታሉ፤ አሮጌው አፕራይት ግን መብራት አያውቅም። ተማሪውን ጨለማ ውስጥ ያስቀምጡና «ጥቁሮቹን ብቻ» ይላሉ። ጥቁር ቁልፎች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ስለተደረደሩ በዳሰሳ ይታወቃሉ። ከፋ ሻርፕ ተነስተው አምስቱን ቢከተሉ ትዝታ ይወጣል፤ የሚሳሳት ቁልፍ በመካከል የለም። ዐይኑን ከእጁ ያላነሳ ተማሪ በዚያ ምሽት ቁልፍ በእጅ መፈለግን ይማራል። ባንክ የምትሠራዋ ልጅም ዝላዩን የጨረሰችው ዐይኗን ጨፍና ነው።

እዚህ ከተማ ውስጥ ለመሣሪያው የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው። ከመገናኛ አያት ወይም ገርጂ ያለው መንገድ፣ ሰልፉ፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡርም ቢሆን መጨናነቁ፣ ሁሉም ይበላዋል። ቤት ሲገቡ ደግሞ ጎረቤት አለ፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ሳል እንኳ ያሳልፋል። ነገር ግን ልምምድ የግድ ቁልፍ አይፈልግም። አልቫሮ ፓስኳል-ሊዮኔ የተባለ የነርቭ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት ፒያኖ የማያውቁ ሰዎች ቀላል የአምስት ጣት መልመጃ ለአምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ተለማመዱ። ከፊሎቹ በእጃቸው፣ ከፊሎቹ ጣታቸውን ሳያንቀሳቅሱ በሐሳባቸው ብቻ። ጣትን የሚያዘው የአንጎል ክፍል በሁለቱም ቡድን ሰፍቶ ተገኘ። በሐሳብ የተለማመዱት በአምስተኛው ቀን በእጅ የተለማመዱት በሦስተኛው ቀን የደረሱበት ደርሰው ነበር፤ አንድ የሁለት ሰዓት የእጅ ልምምድ ሲጨመርላቸው ደረሱባቸው።

የቆሎ ተማሪ ይህን ቢሰማ «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?» ይላል። ፋኖስ በሌለበት ሌሊት ቀን የተማረውን በቃሉ ሲወጣ ያደገ ነውና። የታክሲ ሰልፍ ውስጥ የቆመ ፒያኖ ተማሪም ኖታውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ አራት ባር ብቻ በልቡ መሄድ ይችላል፦ ግራ እጅ የት አለ፣ የትኛው ጣት፣ ቀጥሎ ምን? ሐሳቡ የሚቆምበት ቦታ ላይ እጁም ቤት ሲደርስ ይቆማል። ያኔ ከየት እንደሚጀምር ያውቀዋል ማለት ነው።

በትርፍ ጊዜ ልምምድ ኃይሉ መርጊያን የሚያህል ምሳሌ የለንም። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ አዲስ አበባ ሒልተን ሌሊቱን ሙሉ ያስጨፍር የነበረ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑንና ሲንተሳይዘሩን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ፤ ከዚያ ለረጅም ዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ። መድረኩ ጠፋ፣ ልምምዱ ግን አልጠፋም። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ይዞ ይዞር ነበር። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራውን ሲጠብቅ ኪቦርዱን አውጥቶ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ ተራው ሲደርስ መልሶ አስቀምጦ ይነዳል። ያ ካሴት በ2013 ዳግም ታትሞ ዓለም ሲፈልገው፣ መድረክ ላይ የወጣው ዝገት የያዘው ሰው አልነበረም። በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ። አሽከርካሪ ደንበኛ እስኪመጣ ስንት ደቂቃ እንዳለው አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ሰው ከመጀመሪያው እየጀመረ ጊዜ አያባክንም።

የተበጣጠሰ ጊዜ በራሱ ጥቅም አለው። ሺያና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ሦስት የእጅ እንቅስቃሴ ሲያስተምሩ አንዱን ቡድን አንድ እንቅስቃሴ እስኪጨርስ ደጋግሞ፣ ሌላውን ደግሞ ሦስቱን እያቀላቀለ እንዲለማመድ አደረጉ። በልምምዱ ሰዓት የሚደጋግመው ቡድን ብልጫ ነበረው። ቆይተው ሲፈተኑ ግን ያቀላቀለው በለጠ። ለፒያኖ ተማሪ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ሦስት አስቸጋሪ ቦታ ካለህ አንዱ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ከመዋል በየአምስት ደቂቃው ተዘዋወር። ሲዘዋወሩ ነገሩ የባሰበት ይመስላል፤ ያስቸግራል፤ ያበሳጫል። በእኔ ግምት ሰው ይህን ዘዴ የማይወደው ስለማይሠራ ሳይሆን ከወንበሩ ሲነሳ ጎበዝ የመሆን ስሜት ስለማይሰጠው ነው።

እንቅልፍም ይጨመርበት። ማቲው ዎከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ሰዎችን አንድ የጣት ቅደም ተከተል ካለማመዱ በኋላ፣ የተኙት በማግሥቱ ያለ ተጨማሪ ልምምድ 20 በመቶ ያህል ፈጥነው አገኟቸው። ቀኑን ሙሉ ነቅተው የዋሉት ላይ ይህ አልታየም። ስለዚህ በኮንሰርት ዋዜማ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚቀመጠው ልጅ የሚያጣው እንቅልፉን ብቻ አይደለም።

ሕመም ሲመጣ ደግሞ ምንም ዓይነት ዘዴ አይሠራም። የእጅ አንጓ ከቆረጠመ፣ ትንሿ ጣት ከደነዘዘች ይቆማል። አቀናባሪው ሹማን ፒያኖ ተጫዋች የመሆን ሕልሙን የተወው ገና በወጣትነቱ ቀኝ እጁ በመጎዳቱ ነው። ጥንቃቄው ከወንበር ከፍታ ይጀመር፤ ክርኑ ከቁልፎቹ በታች የወረደ ተማሪ አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል፤ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነውና። መሣሪያ የሚገዛም ቢሆን ከድምፁ ብዛት ይልቅ የቁልፉን ክብደት ይይ። 61 ቁልፍ ያለው ቀላል ኪቦርድ ለጀማሪ ይበቃል፤ 88ቱና ክብደት ያለው ቁልፍ ግን ጣት ለእውነተኛው ፒያኖ የሚዘጋጅበት ነው።

ወደዚች ክፍል ከሚመጡት ብዙዎቹ ዐዋቂዎች ናቸው፤ «ጊዜዬ አላለፈም ወይ?» የሚሉ። ግርማ ይፍራሸዋ ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ከዚያ በፊት ክራር ነበር የሚጫወተው። ሶፊያ ሄዶ ተምሮ፣ ተመልሶ በዚያው ትምህርት ቤት አስተምሮ፣ ዋሽንትና እልልታን ወደ ፒያኖ ያመጣ ሰው ሆነ። ክራር ወይም በገና ይዘው፣ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት ሲዘምሩ ያደጉ ተማሪዎች እዚህም ሲመጡ ይታወቃሉ። ጣታቸው ጀማሪ ነው፤ ጆሯቸው ግን ስህተቱን ከአስተማሪው ቀድሞ ይሰማል፤ ልምምዳቸውም አጭር ነው። ለዚህ ነው ጋሼ አዲስ ዘፈን ሲሰጡ ፒያኖውን ክዳኑን ዘግተው፣ «እስቲ መጀመሪያ አንጎራጉሪልኝ» የሚሉት። ማንጎራጎር ያቃታት ቦታ ላይ እርሳሱ ጭረት ያደርጋል። ክዳኑ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው ኖታም የሚመታው ከጭረቱ ጀምሮ ነው።